ጠንቋይ ብዬ የጻፍኩትን ይዤ ወደ ጨንቻ

ማክሰኞ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ሶዶ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡስ ተራ ስደርስ የአርባ ምንጩ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ቆሞ ዕቃ ይጭናል። በትከሻዬ ያንጠለጠልኩትን ቦርሳ "አቀብዪኝ" ቢለኝ እምቢ አልኩት።

"ወርቅ ነው እንዴ የያዝሽው?"

"ደብተር ነው።"

"ለደብተር ነው ይሄ ሁሉ?" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። አርባ ብር የሚጠጋ ከፍዬ፣ መስኮት ይዤ፣ ቦርሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

የምሄደው አጥፍቼ ነው፤ ነገሩን ከዚያ ልጀምር። ሥራዬ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የካቶሊክ መነኮሳት ቤት መተርጎምና በጽሕፈት መኪና መጻፍ ነው። አባ ጃኮሞ የሚባሉ ሽማግሌ ጣሊያናዊ መነኩሴ በጋሞ ደጋ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረው፣ ሽማግሌዎችን እየጠየቁ ሰባት ወፍራም ደብተር ሞልተዋል። እህል እንዴት ይዘራል፣ ሙግት እንዴት ይታያል፣ ሙት እንዴት ይለቀሳል። እያንዳንዱ ገጽ በመስመር ለሁለት ተከፍሏል። በግራ ሽማግሌው የተናገረው በጋሞኛ፣ በእኛው ፊደል ተጽፏል። በቀኝ አማርኛው ነው። የቀኙን ዓምድ የሞላሁት እኔ ነኝ።

አባ ጃኮሞ ይህን አሠራር ከራሳቸው አላመነጩትም። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ስፔኖች የአዝቴኮችን አገር ሜክሲኮን ከያዙ በኋላ፣ አንዳንድ መነኮሳት የአገሩን አዛውንት አስቀምጠው ይጠይቁ ነበር። ጽሕፈት የተማሩ የአገሩ ወጣቶች በራሳቸው ቋንቋ ይጽፋሉ፤ መነኮሳቱ ከጎኑ ባለው ዓምድ በስፔንኛ ያስቀምጡታል። አንድ ቦታ የተጻፈው ሌላ ቦታ ላሉ አዛውንት ይነበብና ይታረማል፤ የታረመው ደግሞ ሦስተኛ ቦታ ይነበባል። አባ ጃኮሞ "ሦስቱ ወንፊት" ይሉት ነበር። ስለ እነዚያ መነኮሳት ሲያወሩ ግን ኩራታቸው ሙሉ አልነበረም። "መጀመሪያ የሕዝቡን መጻሕፍት አቃጠልን፤ ከዚያ ተቀምጠን ምን ይል ነበር ብለን ጠየቅን" ይሉና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስፔንኛው ዓምድ የአዝቴኮችን አማልክት ሰይጣን እያለ ሲያልፍ፣ በወጣቶቹ ዓምድ ግን የአዛውንቱ ቃል እንዳለ ተቀምጧል ይሉኝ ነበር። እኔም በልቤ ራሴን ከእነዚያ ወጣቶች ጋር እቆጥር ነበር።

የሽሮ ሜዳ ልጅ ነኝ። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ ጋሞኛን ከሱና ከእናቴ ሰማሁ። ትምህርት ቤት "ዶርዜ" ብለው ሲሰድቡኝ ቋንቋውን ከአፌ ደበቅኩት። ጋሞንም እስከዚህ ጉዞ ድረስ በዓይኔ አላየሁም። በሦስተኛው ደብተር አንጁሎ የሚባሉ የጨንቻ ሽማግሌ "እኔ ማካ ነኝ" ብለው ይጀምራሉ። ማካ ምንድን ነው ብዬ እናቴን ብጠይቃት፣ የምትለቅመውን ምስር ሳታቋርጥ "ጠንቋይ" አለችኝ። ጻፍኩት። ቃሉ በመጣ ቁጥር ሁሉ ጻፍኩት። በሽማግሌው ፎቶግራፍ ሥር ሳይቀር።

ዓመት ሳይሞላ ከጨንቻ ደብዳቤ መጣ። የጻፈው ማቴዎስ የሚባል መምህር፣ የአባባ አንጁሎ የልጅ ልጅ ነው። በጽሕፈት መኪና ያወጣሁት የካርቦን ግልባጭ ጨንቻ ደርሶ ሰው አንብቦታል። "አያቴ ወደ ጉባኤው ሜዳ፣ ወደ ዱቡሻ መውጣት ትቷል። ጠንቋይ የተባለ ሰው አገር እንዴት ይመርቃል ይላል። አፉን ዘግቶ ተቀምጧል። መጽሐፍ ሆኖ ከወጣ ይሞታል።" አባ ጃኮሞ ታመው ወደ አገራቸው ከሄዱ ቆይተዋል፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ይዤ መጽሐፉን ለኅትመት ወደሚያዘጋጁት አባ ገባሁ።

"ልጄ፣ ማካ ብትዪ ማን ይገባዋል? ጠንቋይን ግን ሁሉም ያውቃል" አሉኝ። "ደግሞ የዛሬ ሳምንት ረቡዕ ማተሚያ ቤት ይገባል።"

"እስከ ረቡዕ ሄጄ እመለሳለሁ።"

"ፈቃድ አልሰጠሁሽም።"

"አልጠየቅኩዎትም፣ አባ።"

የተናደድኩት በእሳቸው ይሁን በራሴ ለይቼ አላውቅም። ሦስተኛውን ደብተር ከመደርደሪያው አንስቼ ወጣሁ።

መቂንና ዝዋይን እንዳለፍን ሙቀቱ ጀመረ። ሻሸመኔ ምሳ በላን፤ ሹፌሩ ሃያ ደቂቃ ብሎ አንድ ሰዓት አስቆመን። ሶዶ አመሻሽ ላይ ገብተን አደርን። አልጋው ስምንት ብር ነው፤ ቁንጫው በነፃ።

ረቡዕ፣ ላንቴ

ከሶዶ ቁልቁል ሲወረድ አየሩ ይለወጣል። ሹራቤን አወለቅኩ። በግራ በኩል የአባያ ሐይቅ ብቅ አለ፤ ውሃው ሰማያዊ ይመስለኝ ነበር፣ የሸክላ አፈር የተበጠበጠበት ነው የሚመስለው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎ፣ ጥጥ፣ ከዚያ ሙዝ፣ ከዚያም ሙዝ ብቻ። ከአርባ ምንጭ በፊት ላንቴ ላይ ወረድኩ። የእናቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ጳውሎስ እዚያ ሙዝ ያለማል፤ የአካባቢው የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነው። በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፣ ሁለቱንም አዲስ አበባ።

"መጣህ? ሳሮ! ሳሮ!" እያለ በጋሞኛ ሰላምታ አቀፈኝ። "የእህቴ ልጅ ነህ፣ ግን ከስተሃል!"

"አጎቴ፣ እኔ እኮ ሴት ነኝ።"

"እሱማ አውቃለሁ! አማርኛዬ ነው የማያውቀው" አለና ከልቡ ሳቀ።

ሚስቱ የሽፈራው ቅጠል ከበቆሎ ዱቄት ጋር ቀቅላ አቀረበችልን። ከበላን በኋላ ሙዙ ሥር ተቀምጠን የመጣሁበትን ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ።

"ይሄ ነገር ለምን ይጻፋል? እኛ ጌታን ተቀብለናል። ትተነዋል።"

"ከተዋችሁት ምን ያስፈራችኋል?"

"አንተ የእናትህ አፍ አለህ" አለኝ። ይህንን እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

ደብተሩን ከፍቼ የግራውን ዓምድ በጋሞኛ ማንበብ ጀመርኩ። አባባ አንጁሎ ዝናብ ሲዘገይ ለአገሩ የሚሉት ምርቃት ነው። ሁለት መስመር እንዳነበብኩ አጎቴ አቋረጠኝ። "እንደሱ አይባልም፤ ሳብ አድርገው" ብሎ ቃሉን አስተካከለልኝ። ቀጠልኩ፤ እንደገና አረመኝ። በሦስተኛው እርማት ማንበቤን አቆምኩ፤ አጎቴ ግን አላቆመም። ምርቃቱን በቃሉ እስከ መጨረሻው ወረደው። ሲጨርስ ሚስቱ በር ላይ ቆማ ታየው ነበር።

"ልጅ ሆነን እንሰማዋለን" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ስማኝ። እኔ አሁን ወደ ማካ አልሄድም፤ የማመልከው ሌላ ነው። ግን ውሸት አልናገርም፤ ጌታ ይሰማኛል። ማካ ጠንቋይ አይደለም። ጠንቋይ ቤቱ ይቀመጣል፤ ሰው ብቻውን ተደብቆ ይሄዳል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ያስደርጋል። ማካ በቀን ነው። ዱቡሻ ላይ፣ አገር የሚሰበሰብበት ሜዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው ቆሞ ለሁሉም ይመርቃል። ሁለቱን ምን አገናኛቸው?"

"እናቴ ናት እኮ ጠንቋይ ነው ያለችኝ።"

"እናትህ ሽሮ ሜዳ ሲገባ ልጅ ነበረ። አማርኛ ከጎረቤት ለመነ። ጎረቤቶቹ ለኛ ነገር ምን ቃል ሰጡት? ያንን አንድ ቃል ነው የሰጡት። እሱን ይዞ ቀረ።"

እናቴን ስወቅስ ነበር የመጣሁት። ያሳፈረኝ ግን ሌላው ነው፤ እናቴ ያንን ቃል የተቀበለችው ሌላ ስላልሰጧት ነው፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ደመወዝ እየበላሁ ሳልጠይቅ ጻፍኩት።

ሲሸኘኝ አንድ እጅ ሙዝ አሸከመኝ። "ምርቃቱን ያነበበው አጎቴ ነው ብለህ እዚያ እንዳትናገር" አለኝ።

"አንብበህ አይደለም እኮ፤ በቃልህ ነው።"

"እሱንማ ጭራሽ!"

ሐሙስ፣ ሽቅብ ወደ ዶርዜ

ሲቀላ፣ ማለትም የአርባ ምንጭ የታችኛው ከተማ፣ አደርኩ። ጠዋት ጨንቻ የሚወጣ የጭነት መኪና ላይ አምስት ብር ከፍዬ ከጨው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። መንገዱ እባብ ነው። በየመታጠፊያው ብርዱ አንድ አንድ ልብስ ያስለብስሃል፤ ያወለቅኩትን ሹራብ መልሼ ለበስኩ፣ በላዩ ነጠላ ደረብኩ። ወደ ኋላ ስመለከት ሁለቱ ሐይቆች ቀይና ሰማያዊ ሆነው ተዘርግተዋል፤ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ደን ያለበት ኮረብታ አለ። አጠገቤ የተቀመጠች የቅቤ ነጋዴ ዓይኔን አይታ "መጀመሪያሽ ነው?" አለችኝ። "አዎ" ማለት ከበደኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራት "ታዲያ የት ነበርሽ?" አለች፤ ልታሳፍረኝ ብላ ሳይሆን በእውነት ገርሟት።

ዶርዜ ገበያ ነበር። ጥጥ፣ ሸማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ። ከገበያው አለፍ ብሎ በቀርከሃ የተሠሩት ረጃጅም ቤቶች ከእንሰቱ መካከል ወጥተው ይታያሉ። የምፈልጋቸው እማማ አየለች ከአንዱ ቤት በራፍ ላይ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። በዚሁ በሦስተኛው ደብተር ስለ ለቅሶ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። የአባ ጃኮሞ ሁለተኛው ወንፊት ዶርዜ ነበር፤ የአባባ አንጁሎንም ቃል መጥተው ለእሳቸው አንብበውላቸዋል።

ቆጮና ዳጣ አቀረቡልኝ። ዳጣው አፌን አነደደው፤ እንባዬ እስኪመጣ። እማማ ሳቁና ማር ጨመሩልኝ።

"ያ ፈረንጅ ይመጣና ያነብልኛል" አሉ፣ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ። "ቃሉ የራሴ ነው፤ አንድም አላጎደለም። 'ከወዲያ በኩል ያለው ምንድን ነው?' ስለው 'እሱ አማርኛው ነው፤ ያው ነው' አለኝ። ያው ነው ትያለሽ አንቺም?"

ያኔ ነው የገባኝ። በሦስቱም ወንፊት የተነፋው የግራው ዓምድ ብቻ ነው። የቀኙን፣ የእኔን፣ ማንም ሽማግሌ ሰምቶት አያውቅም። አባ ጃኮሞ የሜክሲኮዎቹን መነኮሳት ጥንቃቄ ሲወርሱ ስህተታቸውንም አብረው ወርሰዋል፤ እኔም ከወጣቶቹ ጋር ነኝ ስል ከስፔንኛው ዓምድ ተገኘሁ።

"ልንገርዎት" አልኩና የለቅሶውን ገጽ አማርኛ አነበብኩላቸው። እማማ አየለች ስጨርስ እንዝርታቸውን አቆሙ።

"አለቀ?"

"አለቀ።"

"እኔ ከጠዋት እስከ ምሳ ነው የተናገርኩት። የቀረውን የት አደረስሽው?"

የግራው ዓምድ አሥር ገጽ ነው፤ የቀኙ አምስት መስመር። "ቃሉ ይደጋገም ነበርና አሳጠርኩት" አልኩ።

"ለቅሶ እኮ ይደጋገማል!" ብለው ጮሁብኝ። "ሰው ከሞተ በኋላ አንድ ጊዜ ብለሽ ትተዪዋለሽ? የአንቺ ሰው ሞቶ አያውቅም?"

አባቴ ሲሞት እናቴ ስንት ቀን ያንኑ ቃል እንዳለች ትዝ አለኝ። እማማም አላቆሙም፤ ያስቀረሁትን ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩኝ፣ እኔም በጉልበቴ ላይ አድርጌ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጻፍኩ። ከእንግዲህ አላሳጥርም። ወረቀት ካነሰ ወረቀት ይገዛ።

ዓርብ፣ ጨንቻ

ጨንቻ ጉም ውስጥ ናት። ከመኪና ስወርድ መምህር ማቴዎስ ከዶርዜ በገበያተኛ የላክኩለት መልእክት ደርሶት ጋቢ ተከናንቦ ይጠብቀኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። እጄን ጨበጠኝ እንጂ ፈገግ አላለም።

"እኔ ደብዳቤ የጻፍኩት መልስ እንድትጽፊ ነው። ትመጫለሽ ብዬ አላሰብኩም" አለኝ።

"ደብዳቤ ይበቃ ነበር?"

"አይበቃም" አለ። ጭቃውን እየተንሸራተትን ወጣን።

አባባ አንጁሎ ወፍራም ቡልኮ ለብሰው ከእንሰቱ አጥር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፎቶግራፋቸውን ብዙ ጊዜ ስላየሁት የማውቃቸው ሰው መሰሉኝ። አንገቴን ሰብሬ ሰላም አልኳቸው። መልስ ሰጡ፣ ቦታ ሰጡ፣ ፊት ግን አልሰጡኝም። አማርኛ ጥቂት ቢችሉም ከእኔ ጋር የተነጋገሩት በጋሞኛ ብቻ ነው።

"አንብቢ" አሉ።

የግራውን ዓምድ አነበብኩ። አጎቴ ያረመልኝን ቦታ በትክክል ሳነብ ቅንድባቸው ከፍ አለ። ስጨርስ "ይሄ የእኔ ነው" አሉ። "አሁን ያንን አንብቢ።"

ገጹን አውቀዋለሁ፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት። ግን እንደምንም "እኔ ጠንቋይ ነኝ፤ አባቴም ጠንቋይ ነበር" ብዬ ጀመርኩ። ወረቀት ላይ ቀላል የነበረው ቃል በሰውየው ፊት ሲወጣ ስድብ ነበር። ማቴዎስ አንገቱን አዞረ። አባባ አንጁሎ እስከ መጨረሻው አስነበቡኝ፤ አንዷንም አላስዘለሉኝም።

"ማን ነው የጻፈው?"

ባሕር ማዶ ታመው የተኙትን አባ ጃኮሞን ማለት ይቻል ነበር። እናቴንም ማለት ይቻል ነበር።

"እኔ ነኝ።"

"ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም ነበር። አልጠየቅኩምም።"

ከዚያ ፈረንጁ ይህን መጠየቅ ከየት ተማረ ብለው ጠየቁኝ። ስለ ሜክሲኮ መነኮሳትና ስለ አዝቴክ አዛውንት የማውቀውን ነገርኳቸው፤ መጽሐፋቸው ስለመቃጠሉ፣ ስለ ወጣቶቹ፣ ስለ ሁለቱ ዓምድ። በጥሞና ሰሙኝ።

"ለእነዚያ ሽማግሌዎች የቀኙን አንብበውላቸዋል?"

"አላውቅም፣ አባባ። አይመስለኝም።"

"አይ እነሱ" አሉ፣ ጎረቤታቸው የሞተ ያህል። ለእነዚያ አዛውንት ሰው ሲያዝንላቸው መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ፍርዳቸውን ተናገሩ። እዚህ አገር አንድ ሰው ያላግባብ ሲያደርግ ጎሜ ይባላል፤ የተደበቀ ጎሜ ሰውም ከብትም ያሳምማል፣ የሚጠራውም በአደባባይ ሲናገሩት ነው። "የጻፍሽው በብዙ ሰው ፊት ነው" አሉኝ። "እኔ ጋ ተደብቀሽ ይቅርታ ብትዪ ምን ያደርጋል? ነገ ዱቡሻ ተናገሪው።"

ማቴዎስ ደነገጠ። "አያቴ፣ ሴት እኮ ናት። ዱቡሻ ላይ ሴት አትናገርም።"

"ስትጽፍስ ሴት አልነበረችም?" አሉ ሽማግሌው።

ቅዳሜ፣ ዱቡሻ

ዱቡሻው ሣር የለበሰ ሜዳ ነው። ትልልቅ ዛፎች ከበውታል፤ ድንጋዮቹ ከመቀመጫ ብዛት ልሰዋል። ወንዶቹ እንደየደረጃቸው ተቀምጠዋል። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ዳር ላይ ሸክማቸውን አስቀምጠው ቆሙ። እኔ ከሜዳው ጠርዝ ቆምኩ፤ ማቴዎስ እርጥብ ሣር ነቅሎ በእጄ አስያዘኝ። ለሰላም የመጣ ሰው ሣር ይይዛል።

አንድ ፊቱ የተኮሳተረ ሰው ገና ሳልጀምር ተነሳ። "ይቺ ልጅ የማን ናት? ሴት እዚህ ምን ታደርጋለች?"

የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ የወጡበትን ቀዬ ተናገርኩ። "በአማርኛ ጠንቋይ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ሳላውቅ ጻፍኩ፣ ሳልጠይቅ ጻፍኩ። አባባ አንጁሎ ማካ ናቸው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዲናገርልኝ አልፈልግም፣ ወንድ እንኳ ቢሆን።"

የመጨረሻዋን ከየት እንዳመጣኋት አላውቅም። ከሴቶቹ አንዷ እልል አለች፤ አንድ ሽማግሌ ሳቁን በቡልኮው ጫፍ ሸፈነ። የተቆጣው ሰው ተቀመጠ።

ክርክሩ ረጅም ነበር። አንዱ ደብተሩ ይቃጠል አለ። ሌላው ቃሉ ተፍቆ ይጥፋ አለ። አባባ አንጁሎ ሁሉንም ሰምተው ተነሱ። ማቴዎስ ክንዴን ጨበጠው፤ አያቱ ዱቡሻ ላይ ሲቆሙ ካየ ወራት አልፎታል።

"የሚቃጠል ነገር የለም" አሉ። "ማቃጠል የሌሎች ሥራ ነው። የሚፋቅም የለም። ከፋቀችው ነገ ሌላው አንባቢ ማንም ያልተሳሳተ ይመስለዋል። በአንድ መስመር ትሰርዘው፣ ከሥሩ ይነበብ፤ ከላዩ ማካ ብላ ትጻፍ። የተናገሩን ቃልም የመለስነው ቃልም አብረው ይታዩ። እንዲህ ካልሆነ የነገርኩት ሁሉ ይመለስልኝ፤ አፌ የእኔ ነው።"

ጉባኤው ተስማማ። ከዚያ ሁሉም ተነሡ፤ አባባ አንጁሎ መረቁ። አንዲት ሐረግ በተናገሩ ቁጥር ሜዳው ሁሉ በአንድ ድምፅ ይቀበላል። በቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ጽሑፍ ነው፤ ግን እኔ ያነበብኩት አንድ ሰው ሲናገር ነው፣ እዚህ የሚናገረው አገሩ ነው። በግራው ዓምድ ያ ሁሉ ድምፅ የለም። ሁለቱም ዓምድ ጎዶሎ እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅኩ፤ ያለቀስኩት ግን በደስታ ነው።

ሰኞ፣ ሽሮ ሜዳ

እሑድ ወርጄ፣ ሰኞ ማታ ቤቴ ገባሁ። ሙዙ ግማሹ ጠቁሯል። እናቴ የወንድሟን ደህንነት ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ሥራው ምን ሆነ አለች። ነገርኳት።

"ታዲያ ምን ልበልሽ ኖሯል?" አለች ተቆጥታ። "ሌላ ቃል ነበረኝ?"

"አልነበረሽም። አሁን አለሽ።"

ሙዝ ላጠች። በለሆሳስ "ማካ" ስትል ሰማኋት፣ እንደ አጎቴ ሳብ አድርጋ።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን በአጭሩ ልናገር። የሰውን ቃል መጻፍ ትልቅ ነገር ነው፤ ለሱ መልሶ ማንበብ ግን ይበልጣል፣ ያውም እሱ በማይችለው ቋንቋ ስለሱ የተጻፈውን። በየቋንቋችን እንጻፍ በሚባልበት በዚህ ዘመን ሁሉም ስለ እኛ ለመጻፍ ይቸኩላል። ይጻፍ፤ ግን መጥቶ ያንብብልን። እኔም ብሆን።

ማክሰኞ፣ ቢሮ

አባ ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት ቆልለው ጠበቁኝ። ደብተሩን የተሰረዘው ገጽ ላይ ከፍቼ አስቀመጥኩላቸው። የዱቡሻውን ውሳኔ ነገርኳቸው።

"የተሰረዘ ቃል መጽሐፍ ውስጥ አይታተምም።"

"በጽሕፈት መኪናዬ ይታተማል። ወደ ኋላ መልሼ ሰረዝ እመታበታለሁ። ማተሚያ ቤቱ እንዳለ ያንሣው።"

"የአንድ ገበሬ ትእዛዝ ነው የምቀበለው?"

"ቃሉ የሳቸው ነው። ካልተቀበሉ ምዕራፉን ይዤ እሄዳለሁ። የእማማ አየለች የለቅሶ ገጽም አሥር ገጽ ሆኗል፤ አላሳጥረውም።"

"ሥራሽን ልታጪ እንደምትችዪ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ፣ አባ።"

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የቸኮሉ ሰው ናቸው። "እሺ፤ ይሁን እንበል። ማካ ብለሽ ጻፍሽ። አዲስ አበባ ያለው አንባቢ ማካ ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል?"

"ይጠይቅ።"

ገጹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ጣታቸውን በስረዛው ላይ፣ ከዚያ ከላዩ በተጻፈው ቃል ላይ አሳለፉ። ውጭ መኪና አለፈ፤ እኔ ቆሜያለሁ።

"እሺ" አሉ በመጨረሻ። "ማካ ምንድን ነው?"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ከግራው ዓምድ ጀመርኩላቸው።